ኤግዚት ብዬ የጻፍኩበት ክረምት

ሰኞ

ዛሬ ወንበሬ ተቀየረ። የሆስፒታሉን የስልክ ማዞሪያ ነቅለው ሲያወጡት ቆሜ አየሁ። ሁለት ሰዎች በጋሪ እየገፉ በጓሮ በር ይዘውት ወጡ፤ ገመዶቹ በጎን ተንጠልጥለው መሬቱን ይጠርጉ ነበር። በዚያ ማዞሪያ ስንቱን አገናኝቻለሁ፤ ሐኪምን ከነርስ፣ ባልን ምጥ ከያዛት ሚስቱ፣ አንዳንዴም፣ ሆድ ይፍጀው እንጂ፣ መገናኘት የሌለባቸውን። አለቀስሽ ለሚለኝ፣ ዓይኔ ውስጥ የገባው አቧራ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የኔትወርክ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ነን። አለቃዬ ልጅ ናት። ልጅ ስል የምሬን ነው፤ እኔ ማዞሪያው ላይ ስቀመጥ እሷ ገና አልተወለደችም። «እትዬ» ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፣ ግን አትስቅም። ሌላው በር ላይ ሁሉ ጎንበስ እያለ የሚገባ ጎረምሳ ነው። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን «ረጅሙ» ነው የሚለው። እሱ ገና ሳንተዋወቅ «ማዘር፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ።

ዳይሬክተሩ ሰብስበው ተናገሩን። ክረምቱ ሲያልቅ በአንድ እሑድ የሁሉም ክፍሎች መስመር ወደ አዲስ ማሽን ይዛወራል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፎቅ እንይዛለን። «ያን ቀን ብቻውን መሥራት የቻለ ይቀጥላል፤ ያልቻለ በክብር ጡረታ ይወጣል» አሉ። «በክብር» ሲሉ ያዩት እኔን ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው?» አለኝ።

«ያው ሕንፃ ነው። ኮሪደሩ ብቻ ነው የተለየው።»

«ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው እንደ ተማሪ ደብተር ገዝተሽ የመጣሽው?»

ይኸው እየጻፍኩበት ነው።

ማክሰኞ

ጥቁር መስኮት ነው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው። ኪቦርዱ ላይ በጽሑፍ ነው የሚያናግሩት። እነ ረጅሙ «ጥቁሩ» ብለው ነው የሚጠሩት። የሆስፒታሉ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚታዘዘው በእሱ ነው። የየትኛው ክፍል መስመር ይሠራል፣ የየትኛው ተዘግቷል፣ ማን በየት በኩል ይገናኝ፣ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ገብተው ነው የሚያዙት። እንግዲህ ማዞሪያ ነው ማለት ነው። ገመዱ ብቻ ነው የማይታየው።

አለቃዬ አጠገቤ ተቀመጠች። «የፕሮግራሙን ስም ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ስም ሲጠይቅዎ የክፍላችንን የጋራ ስም ይስጡት። ቀጥሎ ፓስወርድ። በቃ፣ ገቡ።»

ገባሁ። መስመሩ መነሻ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ተቀየረች፤ እሷ ስትቀየር ውስጥ ነሽ ማለት ነው። የማዋለጃ ክፍልን መስመር አሳየኝ ብዬ ጻፍኩለት። አሳየኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ሲጨርሱ ኤግዚት ብለው ጽፈው ይወጣሉ» አለችኝ አለቃዬ፤ ወዲያው ስልኳ ጠራና ወጣች።

ኤግዚት ብዬ ጻፍኩ። ጥቁሩ መልሶ ጠየቀኝ፤ ገና ያልጸደቀ ሥራ አለ፣ በእርግጥ ይወጣሉ ወይ አለ። ታዲያ እንዴት ብዬ ነው የምወጣው? ማዋለጃዎች እያወሩ ቢሆንስ? ኦፕሬተር ሰው መስመር ላይ እያለ ገመድ አይነቅልም። ይህን ያስተማረችኝ ሴትዮ ከአፈር በታች ሆና እንኳ ትቆጣኛለች። «አይ» ብዬ መለስኩለት፤ መስኮቱን ወደ ታች ሸሸግ አድርጌ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ ወደ ቤቴ።

ማንንም አልቆረጥኩም።

ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ዛሬም ከሀ ጀምሬ፣ አዲስ መስኮት፣ ስም፣ ፓስወርድ። አንድም ፊደል አልሳትኩም። የካርድ ክፍልን የተዘጋ መስመር ራሴ ከፈትኩ። ልጅቷ «ጎበዝ» አለች። አልሳቀችም፣ ግን ጎበዝ አለች። ምሳዋን ሳትበላ ነው የምትውለው፤ እኔን ምን አገባኝ።

እሑድ

ታላቅ እህቴ መጣች። መጣች ከማለት ዘመተች ማለት ይሻላል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ጡረታሽን ተቀበዪና አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አለች። «በዚህ ዕድሜሽ ከጎረምሳ ጋር ኮምፒውተር ስትነካኪ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ስልክ እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው፤ ስለ ዕድሜዬ አይጠይቅም።»

«እኔ የልጅ ልጆቼን የምትይዝልኝ ሰው አጥቼ ተሰቃየሁ፤ አንቺ እዚያ ጥቁር ነገር ላይ አፍጥጠሽ ትውያለሽ።»

እንግዲህ ዘመቻው ለካ ሠራተኛ ፍለጋ ኖሯል። ባለቤቴ ሻዩን ሲያቀርብ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

ስትሄድ ግን፣ ብርጭቆዎቹን ሳጥብ፣ በክብር የሚለው ቃል እንደገና ጆሮዬ ላይ መጣ።

ረቡዕ

ጉድ ነው። ጠዋት ጥቁሩ አላስገባም አለኝ። እኔን ብቻ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ አለቃዬንም ረጅሙንም መለሳቸው። «ቦታው ሞልቷል» ይላል። ለካ በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰው በላይ አያስተናግድም። አንዱ ካልወጣ ስድስተኛው ውጭ ነው።

«እኛ ሦስት ነን» አለ ረጅሙ። «ሌሎቹን ማን ጋበዛቸው?»

አለቃዬ የገቡትን ዝርዝር አየች። ሁሉም በክፍላችን የጋራ ስም ነው የገቡት፣ ሁሉም ያለፉት ሦስታችንም ወደ ጥቁሩ በምንገባበት በትልቁ ኮምፒውተር በኩል ነው፤ ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ፓስወርዳችንን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ገብቷል» አለች። ትልቁን ኮምፒውተር አጥፍታ ስታስነሳው ሁሉም ተባረሩ፤ እኛም ገባን።

በዚያ በኩል የሕሙማን ነገር ሁሉ ያልፋል። ማን ነው እንደዚህ ያለ ልበ ደረቅ?

ሐሙስ

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ምድር ቤት ደርሷል። ልብስ ማጠቢያ ያለችው ወዳጄ፣ «ሌባው ከውጭ አገር ነው አሉ፤ ደም ግፊታችንን ሁሉ ያነባል» አለችኝ። ፋርማሲው ደግሞ የተባረረው ሒሳብ ሠራተኛ ነው ይላል። እኔ የምጠረጥረው ራጅ ክፍል ያለውን ነው፤ ሰሞኑን በራችን ላይ መቆም አብዝቷል። አለቃዬን ሊያይ ይሆናል፣ ቢሆንም። ሰው ሳይነካኝ አልናገርም፤ ዓይኔን ግን አልነቀልኩበትም።

ፓስወርዱ ተቀየረ። የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። ልጅቷ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። እንዲህ ያለ አደራ ከተሰጠኝ ቆይቷል።

ሰኞ

የሕፃናት ክፍልን የጠፋ መስመር ሳልጠይቅ፣ ሳላስጠይቅ፣ ራሴ ፈልጌ መለስኩ። ነርሷ ደውላ «ተባረኩ» አለች። ተባረኩ ያለችው ለክፍሉ ነው፤ እኔ ግን ለራሴ አድርጌ ወሰድኩት።

ረቡዕ

ሞላ። እንደገና ሞላ።

ዳይሬክተሩ መጡ፤ በሩን ዘጉ። «ፓስወርዱን ሦስት ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ሌባው ከሦስቱ አንዱ ነው» አሉ።

አለቃዬ ወለሉን አየች። ረጅሙ እሷን አየ። እኔን ማንም አላየኝም። ለመጠርጠር እንኳ አልበቃሁም ማለት ነው።

ሐሙስ

ረጅሙን ከሥራ ሊያግዱት ነው። ወንድሙ የኮምፒውተር ድርጅት አለው፤ ዳይሬክተሩ «ሥራውን ለወንድሙ ሊያስይዝ ነው እኛን የሚያስቸግረን» ብለዋል አሉ። ረጅሙ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ማዘር ሳይለኝ ዋለ። ቀልዱ ይሰለቸኝ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ሌላም ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ዳይሬክተሩ ለአለቃዬ፣ «ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ጥሩ ሰውነት ለኔትወርክ ምን ይሠራል?» አሉ። የእሷን መልስ በሩ ዋጠው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ቤተኛ ሆኖ ክፉ ክፉውን ብቻ ይለቅምልኛል።

ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ለምን እንደሆነ እንጃ ይህንንም ልጻፈው።

ዓርብ

ኪቦርዱን ላጸዳ ብዬ በጨርቅ ስጠርገው የሆነ ነገር ተጫንኩ። ከሥር የሸሸግኳቸው መስኮቶች ሁሉ ብድግ አሉ። አልጋ ሥር ተደብቀው እንደነበሩ ልጆች፣ አንዱ ባንዱ ላይ። አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ይላሉ። አራቱ ግን አልሞቱም። አራቱም መነሻ ላይ ያቺ ትንሽ ምልክት አለች።

ራሴን አመመኝ ብዬ ቀድሜ ወጣሁ።

ዛሬ ሌላ ምንም አልጽፍም።

ቅዳሜ

ለባለቤቴ ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ የነዳ ሰው ነው፤ ነገር ሲያስብ አሁንም እጁ መሪ ይፈልጋል። የሻይ ማንኪያውን እያዞረ ሰማኝ።

«እስቲ ልረዳሽ» አለ። «እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ቤቴ እገባለሁ። በማግስቱ ሌላ አውቶብስ አስነሳለሁ፤ እሱንም ሳላጠፋ ወርጄ እገባለሁ።»

«እንደዚያ ነው።»

«ከዚያ ጋራዡ ይሞላል።»

«ይሞላል።»

«ከዚያ ሌባ መጣ ብዬ እጮሃለሁ።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መሳቁን ተወው። «ልጁስ?» አለኝ። «ረጅሙ?»

ሰኞ ከተናገርኩ፣ ዳይሬክተሩ የጡረታ ወረቀቴን ሳይቀመጡ ይፈርሙታል። ዝም ካልኩ ረጅሙ ይታገዳል፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘግቼ ሌባው ጠፋ ማለት እችላለሁ፣ ማንም አያውቅም። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ፤ በእኔ ላይ የሚመሰክረው ያ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በጋራ ስም ነው የሚያውቀኝ።

ባለቤቴ ምን አድርጊ አላለኝም። ጃኬቴን ብቻ ለሰኞ ተኩሶ ሰቀለው።

ሰኞ

ተናገርኩ።

አለቃዬ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሌባው እኔ ነኝ» አልኳት። መስኮቶቹን አሳየኋት። ረጅሙ ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላዬ ቆመ።

ከዚያ አለቃዬ፣ ያቺ የማትስቀው ልጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ። ቀና ስትል ግን ተቆጣች፣ ያውም ክፉኛ። «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም እኮ። ይህ ልጅ ሊባረር ነበር እኮ።» ልክ ናት።

«ለምንድን ነው የማይወጡት? ኤግዚት ይበሉ ብዬዎት ነበር።»

«ጠየቀኛ። ያላለቀ ነገር አለ አለኝ። ኦፕሬተር ሰዎቹ ጨርሰው እንደሆነ ሳይጠይቅ አይነቅልም። እኔ ከወጣሁ የሚያወሩት የሚቆረጡ መስሎኝ ነው።»

ረጅሙ፣ «ያ ያላለቀ ነገር የእኔ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ጀምሬ የተውኩት ሥራ ነው።»

አለቃዬ ወንበሯን ስባ ተጠጋችኝ። «እትዬ፣ እዚህ እርስዎ ሲወጡ መስመሩ አይቋረጥም። የሚወጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። መስመሩ ከእርስዎ በኋላም አለ።»

ነገሩ ገባኝ ለማለት ቸኮልኩ፤ እሷ ግን አላመነችኝም፤ ልክም ናት። ስልኩን አንስታ ማዋለጃ ደወለችና ድምፁን ከፈተችው። ዋና አዋላጇ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ስልክ ካነሳች አታስቀምጥም። አዲስ የገዛችው ጫማ እንዴት ተረከዟን እንደላጠው ማውራት ጀመረች። «አሁን ይጻፉ» አለችኝ አለቃዬ በሹክሹክታ።

ኤግዚት። ኢንተር። ምልክቷ ተቀየረች፤ ወጣሁ። አዋላጇ ጫማው ላይ ናት። ሁለተኛውን መስኮት ዘጋሁ፤ እሷ ሻጩን መርገም ጀምራለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው። መጨረሻ ላይ «ሄሎ፣ አላችሁ?» አለች።

«አለን፣ ቀጥዪ» አልኳት።

ከዚያ ሁላችንም ዳይሬክተሩ ጋ ሄድን። እኔ ገና አፌን ስከፍት አለቃዬ ቀደመችኝ። «ሌባ የለም» አለች። «የአሠራር ችግር ነው። በአንድ ስም ሦስት ሰው አስገብቼ፣ አወጣጡን በአንድ ቃል ነግሬ የሄድኩ እኔ ነኝ።» ዳይሬክተሩ እኔን አዩኝ፣ አዩኝና፣ «እሑድ እናያለን» አሉ። «ሁለተኛ ፎቅ የእርስዎ ነው።»

ሁለተኛ ፎቅ ማዋለጃ፣ ሕፃናትና ቀዶ ጥገና ነው። ከሁሉም ከባዱ።

ስንወጣ ረጅሙ፣ «ማዘር» አለ።

«አቤት።»

«ምንም። ማዘር ለማለት ነው።»

ሐሙስ

ገባሁ፣ ሠራሁ፣ ወጣሁ። ሦስቴ። በቀን ሦስቴ።

ለአለቃዬ ምሳ በሳህን ከድኜ ወሰድኩ። «አይ፣ እትዬ» አለች፤ ከዚያ ሳህኑን ባዶውን መለሰችው።

ማክሰኞ

ልምምድ ብቻ ነው። ጥቁሩ አንድ ደግ ጠባይ አለው። ለውጥ ስታዢው ወዲያው አያጸናውም፤ ለጥቂት ደቂቃ ይሞክርልሻል። ደህና ከሆነ «አጽድቅ» ትዪዋለሽ። ዝም ካልሽው ስህተት ነው ብሎ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ባሎች እንዲህ ቢሆኑ ብዬ ለልብስ ማጠቢያዋ ብነግራት ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «የኔ ደግሞ ሳላጸድቀው ጸና» አለች።

እህቴ ደወለች። «ያቺ እሑድሽ መቼ ናት?»

«የፊታችን።»

«እንግዲህ ሰኞ ልጆቹን ይዤልሽ ልምጣ?»

«ጠብቂ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ብዙም አልፈራሁም ስለው፣ ከወዲያ ሆኖ፣ «ታዲያ ለምን ቧንቧውን ከፍተሽ ተውሽው?» አለ።

እሑድ፣ ከቤት ገብቼ

ገና ጃኬቴን አላወለቅኩም። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ረጅሙ ምድር ቤት፣ አዲሱ ማሽን ጋ፣ ገመዶቹን ከአሮጌው እየነቀለ ወደ አዲሱ ይሰካል። አለቃዬ ሦስተኛ ፎቅን ከሌላ ክፍል ይዛለች። እኔ ብቻዬን ጥቁሩ ፊት። ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አልኩ በሆዴ።

ቀዶ ጥገና። አዘዝኩ፣ ጥቁሩ ተቀበለ፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ነው አለ። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ስልኩን አነሳሁና ደወልኩ።

«ለምን ይደውላሉ?» አሉ ዳይሬክተሩ። «ስክሪኑ ደህና ነው ይላል እኮ።»

«ድምፅ ልስማ ብዬ ነው» አልኳቸው። ነርሱ አነሳ። አጸደቅሁ።

ማዋለጃ። አዘዝኩ። ደወልኩ። ዋና አዋላጇ አንስታ ስለ ጫማዋ ልትጀምር ስትል፣ «በኋላ፣ እህቴ፣ በኋላ» ብዬ ዘጋሁ። አጸደቅሁ።

ሕፃናት ክፍል። አዘዝኩ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና። ደወልኩ።

«አቤት፣ ልብስ ማጠቢያ» የሚል ድምፅ መጣ።

ወዳጄ ናት። የራሷ የሳቅ ድምፅ ነው። «አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«እዚህ ነዋ የምሠራው። አንቺ የት ነሽ የደወልሽው?»

ደቂቃው እየሄደ ነው። ምድር ቤት ረጅሙ ጋ ደወልኩ። «ሕፃናት ክፍል ስደውል ልብስ ማጠቢያ ያነሳል።»

«ማዘር፣ እኔ ጋም ስክሪኑ ልክ ነው ይላል።»

«ስክሪኑ ልክ ነው። መስመር አለ፤ ቤቱ ነው የተሳሳተው። ሁለት ገመድ አለዋውጠሃል።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሊያይ ሮጦ ነው።

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አዩ። «ዘገየን። ያጽድቁትና ገመዱ ነገ ይስተካከላል። ማሽኑ ሠርቷል ብሎዎታል።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። አጽድቅ ብሎ መጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ብጽፈው ፎቁን ጨረስኩ፣ ወንበሬ ጸና። ልጽፈው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም።

እጄን አነሳሁ። «ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ዛሬ ማታ አንዷ እናት ልጇ ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ስትጠራ፣ አጣቢዋ መጥታ ምን ታደርግላታለች?»

ሁለታችንም ሰዓቱን ማየት ያዝን። ደቂቃው አለቀ። ጥቁሩ፣ ዝም ስላልኩት፣ ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰው። በሕይወቴ አንድም ነገር ሳላደርግ እንዲህ ላብ በላብ ሆኜ አላውቅም።

ረጅሙ ደወለ። እያለከለከ ነው። «ልክ ነሽ። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፣ ቀለማቸውም አንድ ነው። አስተካክያለሁ።»

እንደገና አዘዝኩ። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አንዲት ነርስ አነሳች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሕፃናት ክፍል» አለች።

አጸደቅሁ።

ከመውጣቴ በፊት ሦስቱም ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። «ጨረሳችሁ? የጎደለ ነገር አለ?» የጎደለ የለም አሉ። ከዚያ ኤግዚት ብዬ ጻፍኩ። ጥቁሩ ምንም አልጠየቀኝም። ያላለቀ ነገር አልነበረማ።

አለቃዬ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና ፀጉሬ ላይ ሳመችኝ፤ ዳይሬክተሩ ፊት። ረጅሙ ደግሞ ከምድር ቤት ሮጦ ሲመጣ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩን በበሩ መቃን መታው። በዚያ ሁላችንም ሳቅን። ዳይሬክተሩም። እሳቸው ሲስቁ ወርቅ ጥርስ አላቸው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ድምፃቸውን ሳገናኝ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ በሩ ላይ ጃንጥላ ይዞ ጠበቀኝ፣ ፀሐይ ላይ። አልጠየቀኝም። አረማመዴን አይቶ፣ «ጋራዡ ባዶ ነው ማለት ነው» አለ።

ሰኞ

ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የተቀመጡበትን ወንበር ለቀው ተነሱልኝ። «የጡረታ ዕድሜዎ እስኪደርስ ከዚያ ወንበር የሚያነሳዎት የለም» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ጨመሩ፦ «የጡረታ ዕድሜዎ ሲደርስም እንነጋገራለን።»

ለእህቴ ደወልኩላት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የኔን ስልክ ኢንተርኔት ምን ነካው፣ ስትመጪ ታዪልኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደረቴን ነፍቼ እሺ አልኳት።

ከሰዓት አለቃዬ ሰበሰበችን። የጋራ ስም ከዛሬ ጀምሮ ቀረ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ስም ይገባል። ረጅሙ፣ «ማዘርን ሌባዋ ብለን እናስገባት» አለ። ኪቦርዱን ነጥቄው ራሴ ጻፍኩ። ጥቁሩ ስሜን ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ በማዘው ነገር ሁሉ ጎን ስሜን እየጻፈ ነው የሚያስቀምጠው። ሁለቴ ገብቼ ሁለቴ ወጣሁ፤ ደስ ስላለኝ ብቻ።

ልወጣ ስል ስልኩ ጠራ። የካርድ ክፍል አዲስ ሠራተኛ ናት፣ ድምፅዋ ልጅ ነው። ኮምፒውተሯ አልገናኝ ብሏታል። ገባሁ፣ መስመሯን አየሁ፣ ከፈትኩላት። ሠራላት። አመሰገነችኝና፣ «ማን ልበል?» አለች።

ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሕንፃ ውስጥ ስልክ አንስቶ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሄሎ፣ ማዞሪያ» ነበር የሚሉኝ፣ እኔም አቤት እላለሁ።

ስሜን ነገርኳት። ከነአባቴ።